ፍየሉ ይሸጣል፣ በሬው ለምን አይሸጥም?

የሐመር ቤተሰብ እህል ሲያልቅበት ፍየሉን እየነዳ ዲመካ ገበያ ይወርዳል፤ ሽጦም ማሽላ ወይም በቆሎ ሸምቶ ይመለሳል። ከብቱን ግን ገበያው ደህና በሆነ ጊዜ እንኳ በቀላሉ አያወጣም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብ በተከታታይ ሲቀር ዳሰነችን ጨምሮ በደቡብ ኦሞ ከብቱ ከስቶ ዋጋው ወደቀ፣ ብዙውም ሞተ። ከጂንካ ቢሮዎች እስከ አዲስ አበባ አዳራሾች ከብቱ ቀድሞ ላለመሸጡ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት «የግንዛቤ እጥረት» ነው። ግንዛቤ ከጎደለው ታዲያ ያው ሰው ፍየሉን በሰዓቱ እንዴት ሸጠ?

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ያጣው ነገር እኩል መጠን ካለው ትርፍ ይልቅ እንደሚከብደው አሳይተዋል። ኋላ ላይ አንድ ነገር ጨመሩ፦ ለልውውጥ የተያዘ ዕቃ ሲሸጥ እንደ ኪሳራ አይቆጠርም። ፍየሉ ከዚህኛው ወገን ነው። በሬው ግን የነገ ጥሎሽ ነው፤ ከዘመድና ከወዳጅ ጋር መተሳሰሪያም ነው።

ኪሳራ ከትርፍ ይልቅ እንደሚከብድ በአንጎል ምርመራም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት ሰዎች ትርፍም ኪሳራም ያለበትን ዕጣ እንዲቀበሉ ወይም እንዲተዉ ተጠየቁ። ሊያገኙት የሚችሉት ገንዘብ ሲጨምር የሚነቃቃው የአንጎል ክፍል፣ ሊያጡት የሚችሉት ሲጨምር ቀዘቀዘ፤ የቀዘቀዘውም ከተነቃቃበት በፈጠነ መጠን ነው። የተመረመሩት አርብቶ አደሮች አልነበሩም፤ የሁላችንም አንጎል ነው።

ሁሉንም ለአንጎል መስጠት ግን ልክ አይሆንም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። በዚያ ዓመት በሬ ሸጦ ባንክ ያስቀመጠ ሰው ከጎረቤቱ ይልቅ ብልህ ነበር ለማለት አልደፍርም። ላም ትወልዳለች፤ የቁጠባ ወለዱ ደግሞ የዋጋ ንረቱን አይደርስበትም ነበር።

በቦረና እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የእንስሳት መድን የተሻለ መንገድ አሳይቷል። የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት ለክቶ፣ ከተወሰነ ደረጃ ሲወርድ ካሳ ይከፍላል። አርብቶ አደሩ በሬውን ሳይሸጥ መኖና ውኃ የሚገዛበት ገንዘብ ያገኛል። ለደቡብ ኦሞ በጀት የሚይዙ ኃላፊዎች «ከብት ሽጡ» ለሚል ስልጠና የሚያወጡትን ገንዘብ ለመድኑ አረቦን ድጎማ ቢያውሉት ይሻላል።