«ምን አየህ? ምን ሰማህ?» የዲቾቶ ጨዋታ

ሁለት ሰዎች በበረሃ ተገናኙ እንበል። አንዱ ከምሥራቅ፣ ሌላው ከምዕራብ ይመጣል። አይተዋወቁም። በብዙ አገር «ደህና ዋሉ» ተባብለው ይተላለፋሉ። በአፋር ግን እንዲህ አይደለም። ሁለቱም ይቆማሉ። እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ጥላ ፈልገው ቁጭ ይላሉ። ከዚያ ጥያቄው ይጀመራል። ከየት መጣህ? በመንገድ ማንን አገኘህ? የት ዘነበ? ሣሩ እንዴት ነው? ከብቱ ጤና ነው ወይ? ጠብ አለ ወይ? ማን ታመመ? ማን ሞተ? ማን ተወለደ?

ይኸ ወግ ዳጉ ይባላል። ዳጉ ማለት ወሬ ነው ብንል ግን እናሳንሰዋለን። ወሬ ሐሜትም ይሆናል፤ ነገር ማመላለስም ይሆናል። ዳጉ ሕግ አለው። ተናጋሪው ያየውን «አየሁ»፣ የሰማውን «ሰማሁ» ብሎ ይለያል። ከማን እንደ ሰማም ይናገራል። ሰሚው ይጠይቃል፤ ያጣራል። ከዚያ ደግሞ ለሚቀጥለው መንገደኛ ማድረስ ግዴታው ነው። በዚህ ዓይነት ዳጉ ከሰው ወደ ሰው እያለፈ፣ መንገድም ሬዲዮም በሌለበት አገር ሩቅ ይደርሳል።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? እስቲ አስቡት። አንድ አርብቶ አደር «እዚያ ማዶ ዘንቧል» ቢባል ፍየሎቹን፣ ግመሎቹንና ልጆቹን ይዞ ይነሣል። ሁለት ሦስት ቀን ይጓዛል። ደርሶ መሬቱ ደረቅ ቢሆንስ? ለመመለሻ ውሃ የለም። ግልገሎቹ በመንገድ ያልቃሉ። ስለዚህ በዳጉ መዋሸት እንደ ቀልድ አይታይም። የዋሸ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የለም።

አሁን ወደ ዲቾቶ እንሂድ። ዲቾቶ በአፋር ክልል፣ በኤሊደዓር ወረዳ ያለች ከተማ ናት። ከሰመራ ተነሥቶ በሰርዶ በኩል ወደ ጋላፊና ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መንገድ በዚያ ያልፋል። ድሮ ወደ አሰብ የሚወርደው መኪናም የሚያልፈው በዚያው አካባቢ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ የአሰቡ ጉዞ ቀረ። የጅቡቲው መንገድ ግን ሥራ በዝቶበታል። ከባድ መኪናዎች ከነተሳቢያቸው ይመላለሳሉ። በሙቀት ወራት ፀሐዩ ከ40 ዲግሪ በላይ ያነድዳል። ሹፌሮቹ ለማረፍ ሻይ ቤት ይገባሉ። አገሬው ደግሞ እንግዳ ሲያይ ዳጉ ሳይጠይቅ አያልፍም። እኛም እዚያ ቁጭ ብለን ያዳመጥነውን እናጫውታችሁ።

ሹፌሩ ቀልደኛ ሰው ነው። ፊት ለፊቱ አንድ አፋር ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ስለ ጤና፣ ስለ መንገዱ ከተጠያየቁ በኋላ ሹፌሩ ነገር ጀመረ።

«አባባ፣ ይኸን ሁሉ ጠየቁኝ። እኔም አንድ ልጠይቅዎት። ለመሆኑ ሰው ከየት ነው የመጣ?»

ሽማግሌው አልተቸገሩም። «ከዚህ ነዋ!» አሉ። «እኛ እዚሁ ነን። እናንተ የጠፋች ግመል ፍለጋ ሄዳችሁ ቀራችሁ። ገና አሁን መመለሳችሁ ነው። በል ዳጉውን አምጣ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሹፌሩም አልተሸነፈም። «ዘመድ ከሆንን ታዲያ ውሃውን ለምን በገንዘብ ይሸጡልኛል?» አለ።

ባለ ሻይ ቤቷ ከጓዳ መለሰችለት። «ግመሏን ሳታመጣ ስለ ተመለስክ ነው!»

ሽማግሌው በቀልድ የተናገሩት ከምሁራኑ ቃል ብዙም አይርቅም። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በአዋሽ ሸለቆ፣ ሐዳር በሚባል ቦታ የድንቅነሽ አጥንት ተገኘ። ፈረንጆቹ ሉሲ ይሏታል። ዕድሜዋ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ዓመት ይሆናል። ሚሊዮን ማለት አንድ ሺህ፣ አንድ ሺህ ጊዜ ሲቆጠር ነው። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው አፋር ውስጥ፣ ዲኪቃ ላይ የአንዲት ሕፃን አጥንት ተገኘ። ያገኘው ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ጓደኞቹ ናቸው። ሕፃኗ የሞተችው በሦስት ዓመቷ ገደማ ነው። ስሟን ሰላም አሏት። የድንቅነሽ አጥንት የሚጠበቀው አዲስ አበባ፣ በብሔራዊ ሙዚየም ነው።

ጨዋታው ቀጠለ። አንድ ወጣት ፍየል ጠባቂ «ምድርስ መጨረሻዋ ምንድን ነው? እኛ ዘንድ ትሰነጠቃለች» አለ።

እውነቱን ነው። ሰርዶ በ1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ ነበር። በመስከረም ወር 1998 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን አፋር፣ በዳባሁ ተራራ በኩል፣ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ተከፈተች። አንዳንዱ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ምክንያቱ ይኸ ነው፦ የምድር ቅርፊት እንደ እንጀራ አንድ ወጥ አይደለም፤ ትልልቅ ቁራጮች ናቸው። ሦስቱ ቁራጮች የሚገናኙት አፋር ላይ ነው። አንዱ የዐረብን አገር ይዟል። አንዱ የሶማሌን በኩል ይዟል። ሌላው የቀረውን አፍሪካ ይዟል። ሦስቱም ቀስ እያሉ ይለያያሉ። የዐረቡ ቁራጭ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ በመካከሉ ባሕር ይገባል ይላሉ ምሁራኑ።

ይኸን ስንነግራቸው ሹፌሩ ደስ አለው። «እንዴ! ወደቡ ራሱ ሊመጣልን ነዋ! ከጅቡቲ መመላለስ ቀረልኝ!»

«ጠብቀው» አሉ ሽማግሌው፤ «ሻይህ ግን ይቀዘቅዛል።»

ሹፌሩ ሌላ ጥያቄ አነሣ። «መሞትስ ለምን ኖረ አባባ?»

«ባይኖርማ» አሉ፤ «ዳጉ መቼ ያልቃል? መንገደኛው ‹አባቴ ደህና ነው፣ አያቴ ደህና ነው፣ ቅድመ አያቴ ደህና ነው› ሲል መሽቶ ይነጋል። ግመሉን ማን ያጠጣል?»

ሁላችንም ሳቅን። ባለ ሻይ ቤቷ ግን ቀስ ብላ መጥታ ተቀመጠች። የአባቷን መሞት የሰማችው በዳጉ ነበር። ነጋሪው እሱ ራሱ አላየም። «ከሁለት ሰው ሰማሁ» ብሎ የሁለቱንም ስም ጠራላት። አንደኛው ቀብሩ ላይ የነበረ ነው። ያን ስም ስትሰማ ልቧ አረፈ። አልቅሳ ተነሣች፤ ድንኳንም ተከለች። «ስሙን ባይጠራልኝ ኖሮ እስከ ዛሬ መንገድ መንገድ እያየሁ ነበር» አለችን። ከተጫወትነው ሁሉ ይኸን አንረሳውም።

ጥቂት ዝም ከተባለ በኋላ ወጣቱ ስልኩን አወጣ። ዛሬ ብዙ ዳጉ በስልክ ይሄዳል። እኛ እንደሚመስለን ይኸ በጎ ነገር ነው፤ ሁለት ቀን የሚፈጀው ወሬ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ሐሰቱም ግን በዚያው ፍጥነት ይሮጣል። ወጣቱ «ሚሌ ላይ ዘንቧል የሚል መጣልኝ» አለ።

«ማን አየ?» አሉ ሽማግሌው።

«አይታወቅም። ስልኩ ነው የሚል።»

«ስልኩ ይናገራል፤ ዓይኑን ግን አላየሁትም» አሉና ወደ ሹፌሩ ዞሩ። ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ። «ልጄ፣ አንተ በሚሌ አልፈሃል። ዘንቧል ወይ?»

ሹፌሩም ቀልዱን ተወ። ትንሽ አሰበ። «በሚሌ ያለፍኩት ትናንት ማታ ነው» አለ። «ደመና አየሁ። ነፋስም ነበር። ዝናብ ግን አላየሁም። አስፋልቱም ደረቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን አላውቅም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለወጣቱ በአፋርኛ ጥቂት ቃል ተናገሩ። ምን እንዳሉት ባለ ሻይ ቤቷን ጠየቅናት።

«ፍየሎቹን አትንዳ፤ ነገ የሚመጣውን መኪና እንጠይቅ አሉት» አለችን።