ከዶሮው ጋር ወደ ማድ ቤት የሚገባው

በቅርቡ አንዲት እኅታችን ከጅዳ ደወለችልኝ። «አባቴ ይፍቱኝ» ካለች በኋላ ለቅሶ ቀደማት። የምታሳድገው የአሠሪዎቿ ልጅ ተቅማጥና ትኩሳት ይዞት ሐኪም ቤት ገብቶ ነበር። መጀመሪያ የታዘዘለት መድኃኒት አልሠራም፤ በሌላ ተለውጦለት ዳነ። ማዳሟ ግን «በዶሮው ያሳመምሽው አንቺ ነሽ» አለቻት። «አባቴ፣ እኔ ጾም ላይ ነኝ፤ ሥጋ ከአፌ አልገባም። ጥፋቱ የኔ ነው?»

እኔ የዜማና የቅኔ ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ግን ልንገራችሁ።

ነገሩ ከእርባታው ይጀምራል። የታመመን እንስሳ ማከም ነውር የለውም። በብዙ አገር ግን ላልታመመውም ቶሎ እንዲወፍር መድኃኒት ከመኖው ጋር ይደባለቅለታል። በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጥ መድኃኒት ደካማውን ጀርም ይገድልና ብርቱውን ያስቀራል፤ ብርቱው ይራባል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ መድኃኒትን አሳንሶ መውሰድ ጀርሙን እንደሚያለማምድ በ1945 አስጠንቅቆ ነበር (ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን ነው)። የአውሮፓ ኅብረት ለማወፈሪያ መስጠትን በ2006 ከለከለ። በ2015 ደግሞ የመጨረሻ መጠባበቂያ የሆነውን ኮሊስቲንን የሚቋቋም፣ ከጀርም ወደ ጀርም የሚተላለፍ ባሕርይ በቻይና በአሳማዎች፣ በሚሸጥ ሥጋና በሕሙማን ላይ ተገኘ።

ወደ ጅዳ ወደብ ከበርበራ፣ ከጅቡቲና ከሱዳኗ ሱዋኪን በግና ፍየል በመርከብ ይገባል፤ በሐጅ ሰሞን መካ ላይ ለሚታረደው ቁጥሩ እጅግ ይበዛል። የበረዶ ዶሮም ከብራዚል ይመጣል። እንስሳቱ ቢመረመሩም መድኃኒት የለመደ ጀርም በዓይን አይታይም፤ የተሸከመው በግ ጤነኛ መስሎ ይራመዳል። በረዶም ጀርሙን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም።

«ልጄ፣ ሕመሙ ከዶሮው ይምጣ ከሌላ አናውቅም። ጀርሙን መድኃኒት ያለማመድሽው ግን አንቺ አይደለሽም» አልኋት። ቀጥዬ ዶሮውን እንዴት እንደምታጥብ ጠየቅኋት። እንደ አገራችን ባለሙያ ሴቶች አሥራ ሁለቱን ብልት ከቧንቧ ሥር እያገላበጠች፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ! እናቶቻችን ያስተማሩን ነውና ማን ይወቅሳታል? ነገር ግን የሚረጨው ውኃ ጀርሙን በሳህኑና በሰላጣው ላይ ይበትነዋል። የግድ ከሆነ በሳፋ ቀስ ተብሎ ይታጠብ፤ ሳፋው፣ ቢላዋውና እጅም ወዲያው በሳሙና። ሰላጣ በዶሮው መክተፊያ አይከተፍ። የምትጾሙም ብትሆኑ ሥጋ የነካ እጃችሁ የራሳችሁን ዳቦ ይቆርሳልና ተጠንቀቁ። ደግነቱ መድኃኒት የለመደ ጀርም እሳት አይለምድም፤ ዶሮው እስከ አጥንቱ ይብሰል።

ከጓደኛ ሻንጣ የሚወጣውን ካፕሱልስ? እኛም በአብነት ትምህርት ቤት ቴትራሳይክሊን ከፍተን ቁስል ላይ እንነሰንስ ነበር፤ ባለማወቅ። ሳዑዲ ዓረቢያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ ከ2018 ጀምሮ አጥብቃለች። ኢቃማ የሌላችሁ ሐኪም ቤት እንደምትፈሩ አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል። ብዙው ተቅማጥ ፈሳሽ በመጠጣት ያልፋል፤ ደም ከታየበት ወይም ትኩሳቱ ከበረታ ግን ሐኪም የግድ ነው።

እኅታችን በሳምንቱ ደወለች። ማዳሟን አስረድታ ለዶሮ ብቻ የሚሆን ቀይ መክተፊያ አስገዝታለች።