የፈረንሳይኛ ግስ በጆሮና በሰዋስው መካከል

ፈረንሳይኛን በመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው የባለቤቶቹን ንግግር ባዳመጠ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው የቃላት ማነስ ሳይሆን፣ አንዱ ቃል ያለቀበትንና ሌላው የጀመረበትን ለይቶ መያዝ አለመቻሉ ነው፤ በዚህ ልሳን ጆሮ ንግግርን የሚከፍልበት ሥፍራና ሰዋስው የሚከፍልበት ሥፍራ አንድ አይደለምና። ይህም መለያየት ይልቁንም በግስ ላይ ገኖ ይታያል።

መናገርን የሚያመለክተውን «ፓርሌ» የተባለውን ግስ እንመልከት። ሥሩ «ፓርል» ነው፤ «እንናገራለን» ለማለት «ኦን» የተባለው ባዕድ መድረሻ ይጨመርበትና «ኑ ፓርሎን» ይሆናል። የሰዋስው መምህር ቃሉን «ፓርል» እና «ኦን» ብሎ ይፈታዋል፤ አፍ ግን «ፓር» ብሎ «ሎን» ይላል፤ አታሚውም በመስመር መጨረሻ ቦታ ሲያጥረው የሚከተለው አፍን ነውና ጭረቱን ከ«ፓር» በኋላ ያኖራል። የፈረንሳይኛ ቀለም በተነባቢ መጀመርንና በአናባቢ መጨረስን አብልጦ ስለሚወድ፣ የሥሩ መደምደሚያ የሆነው «ል» ወደ መድረሻው ያልፋል። የእኛም ፊደል የለመደ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ «ሰበሩ» ባለ ጊዜ «ሩ» በምትባለው በአንዲት ፊደል ውስጥ የሥሩ «ር» እና የብዙዎች ምልክት የሆነው «ኡ» በአንድነት ይገኛሉና።

ነገሩ በቀለም አከፋፈል ብቻ ቢያበቃ በቀለለ ነበር፤ ዳሩ ግን አከፋፈሉ የሥሩን አናባቢ ሳይቀር ይለውጣል። ማንሣትን በሚያመለክተው «ለቬ» በተባለው ግስ «አነሣለሁ» ለማለት «ዠ ሌቭ» ሲባል፣ «ቭ» ቀለሙን ስለሚዘጋው አናባቢው ጐልቶ ይሰማል፤ «እናነሣለን» ለማለት «ኑ ለቮን» ሲባል ግን «ቭ» ወደሚከተለው ቀለም ይሻገርና የቀረው «ለ» ይደክማል፣ በፈጣን ንግግርም ሊጠፋ ይደርሳል። ይህን ለውጥ በጽሕፈት ለማሳየት ለአንዳንዱ ግስ በአናባቢው ላይ ምልክት ሲደረግለት፣ ለሌላው ተነባቢው ይደገም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የጽሕፈት ማሻሻያ ምልክቱን ለብዙዎቹ ደንብ አድርጎ፣ መጥራትንና መወርወርን የሚያመለክቱትን ሁለቱን ግሶች ከነዘመዶቻቸው በድሮው ልማድ ተዋቸው። መምህራን የግሱን ሰንጠረዥ በቃል ከማስጠናታቸው አስቀድሞ ይህን የቀለም ሥርዓት ቢያስረዱ፣ ተማሪው ያለ ምክንያት የተደነገገ የሚመስለው ችግር እጅግ ብዙው በተቃለለለት ነበር።

«ይናገራል» እና «ይናገራሉ» የሚሉት ደግሞ ሁለቱም «ኢል ፓርል» ተብለው ይነበባሉ፤ በብዙው መጨረሻ ላይ የሚጻፉት ሦስቱ ፊደላት ድምፅ የላቸውም። ጥያቄ ሆኖ ተውላጠ ስሙ ከግሱ በኋላ ሲውል ግን፣ ከእነርሱ የመጨረሻው «ት» ተሰምቶ «ፓርል ቲል» ይባላል። የሚያስገርመው ነጠላውም «ፓርል ቲል» መባሉ ነው። በብዙው «ት» የግሱ የራሱ ሀብት ሲሆን፣ በነጠላው ግን «ዲ ቲል» ተብሎ እንደሚጠየቅበት ግስ «ት» በተፈጥሮው ከሚገኝባቸው በልማድ የተወረሰ እንግዳ ነው፤ ጸሐፊዎችም ስለዚህ በሁለት ጭረቶች መካከል ለብቻው ያቆሙታል።