አይሲዩ የገባ ዘመዳችሁ መናገር አይችልም፤ እናንተ ምን መረጃ ይዛችኋል?

ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ በጠና የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ "ሪፈር" ተብሎ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ጳውሎስ፣ አለርት፣ ጥቁር አንበሳ... አልጋ እስኪገኝ ሊዞር ይችላል። አብሮት የሚዞረው መረጃ አንዲት የሪፈር ወረቀትና የቤተሰብ አፍ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለዚችው መረጃ ነው።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) ውስጥ ስህተት የሚፈጠረው ሁሌ በግድየለሽነት አይደለም፤ ሥራው ራሱ ብዙ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ የእስራኤል ጥናት ለአንድ ታማሚ በቀን በአማካይ 178 ነገሮች እንደሚደረጉለት ቆጥሯል። 1.7 ያህሉ ስህተት ነበሩ። ማለትም ከ99 በመቶ በላዩ ልክ ሆኖም በየቀኑ ስህተት አለ። ሌላ ክፍል ቢሆን ታማሚው "ይሄ የኔ መድኃኒት አይደለም" ይላል። መተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ ሰው ግን ይህን ማለት አይችልም።

መፍትሔው የግድ ውድ ማሽን አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ፒተር ፕሮኖቮስት በትልቅ የደም ሥር ቱቦ ሲገባ የሚታዩ 5 ነገሮችን ዘረዘረ፦ እጅ መታጠብ፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ታማሚውን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ከተቻለ በብሽሽት አለማስገባት፣ የማያስፈልገውን ቱቦ ቶሎ ማውጣት። ይህ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት አይሲዩዎች ተሞክሮ በቱቦው የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን በ18 ወር ውስጥ እስከ 66 በመቶ ቀነሰ። እኛን የገረመን ግን ሌላ ነው፤ ዶክተሩ አንዱን ከዘለለ ነርሷ "ቆይ፣ አቁም" እንድትል ሥልጣን ተሰጥቷት ነበር። እኛ አገር ስንቱ ነርስ ይህን በድፍረት ይላል?

ወደ እናንተ እንምጣ። ታማሚው የልብ ቧንቧ ወይም ቫልቭ ችግር ኖሮበት ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን ይወስድ ከነበረና ይህ ካልተነገረ፣ ሌላ ደም ማቅጠኛ ተጨምሮበት ደም ሊፈሰው ይችላል። የፔኒሲሊን አለርጂም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ቤት ያሉትን የመድኃኒት ካርቶኖች አሁኑኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የስኳር ታማሚው ጸበል ገብቶ ኢንሱሊን አቁሞ ከነበረ ወይም የባህል መድኃኒት ከጠጣ ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ማንም አይቆጣችሁም፤ ቢቆጣም ተናገሩ።

ሌላው፣ መድኃኒት ከውጭ ግዙ ስትባሉ ነው። ስም ብቻ አይበቃም፤ መጠኑን (ሚሊግራሙን) ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ፋርማሲው "ይሄ የለም፣ ያኛውን ውሰዱ" ካለ ሳትገዙ ሐኪሙን ጠይቁ። ኢንሱሊን ከሆነ በቀዝቃዛ ዕቃ ያዙት።

ተረኛ ነርስ ሲቀየር መረጃ ይንጠባጠባል። አዲሷን ተረኛ "እናታችን ለፔኒሲሊን አለርጂ አለባት፣ ካርዱ ላይ ተጽፏል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። መድኃኒቱ ራሱ ጉዳት አድርሷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ ብልቃጡን አትጣሉት፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ መስመር 8482 ጥቆማ ይቀበላል።