ተጨማሪ መረጃ፦ ካይሮፕራክቲክ ምንድን ነው?

ካይሮፕራክቲክ በተለይ የጀርባና የአንገት ሕመምን በእጅ የማከም ሙያ ነው። ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት፣ ዳቬንፖርት ከተማ ጀመረው። ፓልመር አብዛኛው በሽታ የሚመጣው ከአከርካሪ አጥንት መዛነፍ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ሳይንስ ግን ይህን አልደገፈውም።

ባለሙያው መገጣጠሚያውን በፍጥነትና በተመጠነ ኃይል ይገፋዋል። በዚህ ጊዜ የሚሰማው የመንቋቋት ድምፅ አጥንት ወደ ቦታው ሲመለስ የሚወጣ አይደለም፤ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ካለ ጋዝ ጋር የተያያዘ ነው።

የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ አዲስ የወገብ ሕመም ብዙውን ጊዜ በራሱ እየተሻለ ስለሚሄድ፣ ከመድኃኒት በፊት ሙቀት፣ ማሳጅ፣ አኩፓንክቸር ወይም አከርካሪን በእጅ ማከም እንዲሞከር መክሯል።

ሕክምናው ከጉዳት ነፃ አይደለም። አንገትን በኃይል ማዞር፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች ከመሰንጠቅና ከስትሮክ ጋር ተያይዞ ታይቷል። አጥንታቸው የሳሳ ሰዎችም ስብራት ሊያጋጥማቸው ይችላል።

ጥንቃቄ፦ የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከመደንዘዝ ወይም ሽንትን መቆጣጠር ካለመቻል ጋር ከመጣ፣ ሳይታሹ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።