ታልሙድን ለሁሉም ማስነበብ፦ ማሽኑ እስከ የት?

የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ክርክር የተሰበሰበበት የባቢሎን ታልሙድ ‹1› የሚል ቅጠል የለውም፤ ቁጥሩ ከ2 ይነሣል። ነገሩም እንደ ቁጥሩ ከመሐል የተጀመረ ይመስላል። መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ የማታው ጸሎት ‹ሽማዕ› ከስንት ሰዓት ጀምሮ ይባላል የሚለው ነው፤ ሽማዕ ምን እንደሆነ፣ ማንስ በሉ እንዳለ አስቀድሞ የሚያስረዳ ቃል የለም። መጽሐፉ አንባቢውን ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ እንደመጣ ሰው ነው የሚቆጥረው። በአይሁድ ዘንድ ይህ ትምህርት ለሁሉም ይከፈት ወይስ በመምህራን እጅ ይቆይ የሚለው የዘመናት ክርክር ከዚሁ ጠባይ የተነሣ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ክርክሩ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይግባበት አይግባበት ወደሚል ተሸጋግሯል። መጽሐፉን ማግኘት ችግር መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። በ1242 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ላይ፣ በ1553 ደግሞ ሮም ላይ በእሳት የጋየው ታልሙድ፣ ዛሬ ‹ሰፋሪያ› በተባለው ነፃ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት በኩል ከነትርጉሙ በማንም ስልክ ላይ ይከፈታል። ችግሩ መጽሐፉ ከተከፈተ በኋላ ያለው ነው።

አንድ ገጽ እንመልከት። መሐሉን ሚሽና የሚባለው የሕግ ጽሑፍና ገማራ የሚባለው በእሱ ላይ የተነሣው ክርክር ይዘውታል። በጥራዙ በኩል በ1105 ያረፈው የፈረንሳዩ ሊቅ የራሺ ማብራሪያ በተለየ የፊደል ቅርጽ ተደርድሯል፤ በውጭው በኩል ከእሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ክርክር ይገኛል። ይህን አሰላለፍ ያጸናው ከ1520 ጀምሮ ቬኒስ ላይ ሙሉውን ታልሙድ ያሳተመው ክርስቲያኑ አታሚ ዳንኤል ቦምበርግ ነው። በገማራው ውስጥ ነጥብም ሆነ የጥያቄ ምልክት የለም፤ ስለዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ጥያቄ ይሁን መልስ የሚለየው በአንባቢው ዜማ ነው። አናባቢም የለም። ሳሜኽ፣ ፔ፣ ሬሽ የሚሉት ሦስት ፊደሎች ‹መጽሐፍ› ሊሆኑ ይችላሉ፤ ‹ፀጉር አስተካካይ›ም፣ ‹ቆጠረ›ም፣ ‹ተረከ›ም ሊሆኑ ይችላሉ። ፊደላችን አናባቢውን በሆዱ ስለያዘ ለእኛ ይህ እንግዳ ነው፤ ሆኖም ‹ገና› የሚለውን ስናይ በዓሉ ይሁን ‹አልደረሰም› ማለት፣ ጠብቆና ላልቶ ከዐውዱ እንደምንለየው ማሰብ ነው፤ እዚያ ግን ቃሉ ሁሉ እንዲያ ነው። በዚያ ላይ ምሕጻረ ቃሉ አለ። ሬሽና አሌፍ ጎን ለጎን ከተጻፉ ረቢ ኤሊዔዘርም ረቢ ኤልዓዛርም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ሁልጊዜ አይስማሙም። ቋንቋውም በአብዛኛው አራማይክ ስለሆነ ዕብራይስጥ አፉን የፈታበት እስራኤላዊ ወጣት እንኳ ያለ አጋዥ አይዘልቀውም።

ማሽኑ በእርግጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሥራው ዛሬ አልተጀመረም፤ የረቢዎችን የጥያቄና መልስ መጻሕፍት በኮምፒዩተር ለመፈለግ አቪዔዝሪ ፍሬንከል የተባለው ምሁር በእስራኤል አንድ ፕሮጀክት የመሠረተው በ1963 ነበር፤ በኋላ ባር-ኢላን ዩኒቨርሲቲ ይዞት አድጓል። ያ ግን ቃል ፈልጎ ማግኘት ብቻ ነበር። በቅርብ ዓመታት ‹ዲክታ› የተባለው የእስራኤል ማዕከል የሠራቸው መሣሪያዎች አናባቢ ላልተደረገለት ጽሑፍ አናባቢ ያደርጋሉ፣ ነጥብ ያስገባሉ፣ ምሕጻረ ቃል ይፈታሉ፣ በራሺ ፊደል የታተመ አሮጌ መጽሐፍ ከምስሉ ያነብባሉ። የትኛውም መምህር ቢሆን ከተማሪው ጋር የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚፈጀው በዚሁ ሥራ ነው። በሥራ ውሎ የሚመሽበትን ሰው፣ የሺቫ ከሚባለው የታልሙድ ትምህርት ቤት ደጅ ርቃ ያደገችውን ሴት፣ በ40 ዓመቱ የሚጀምረውን ጀማሪ ከመግቢያው የሚመልሳቸው የሐሳቡ ጥልቀት አይደለም፤ ፊደሉ ነው።

ብርቱው ተቃውሞ የሚመጣው ከዚህ ነው። በዚህ ወግ ድካሙ ራሱ ትምህርት ነው፤ ላብ ያልፈሰሰበት ቃል ልብ ላይ አያድርም ይላሉ። የሚናቅ ክርክር አይደለም። ዳሩ ግን ታሪኩን ስናይ መንገድ የጠረገ ሰው ሁሉ በዚሁ ተወቅሷል። በቃል ብቻ ይተላለፍ የነበረው ሕግ በ200 ዓ.ም. ገደማ በሚሽና ሲደራጅ፣ የቃል ሕግ በጽሑፍ እንዳይሰፍር የሚለውን ጥንታዊ ክልከላ የዘመኑ ሊቃውንት ትምህርቱ ከሚጠፋ ክልከላው ይላላ ብለው አለፉት። ረቢ አዲን ስታይንሳልትስ በ1965 ጀምሮ በ2010 በጨረሰው ሥራ ታልሙዱን ከነአናባቢው በዘመናዊ ዕብራይስጥ ሲያብራራ፣ ረቢ ኤልዓዛር ሻኽን የመሰሉ ታላላቆች አጥብቀው ነቅፈውታል። የስታይንሳልትስ ትርጉም ከ2017 ጀምሮ በሰፋሪያ በነፃ ይነበባል። ራሺም ቢሆን የሠራው ያንኑ ነው፤ የሚያደናቅፈውን ቃል ከፊት አነሣ። ድካሙ ግን አልቀረም፤ ፊደል ከመፍታት ወጥቶ ነገር ወደ መፍታት ተሻገረ እንጂ። በቀን አንድ ቅጠል በማንበብ 2,711ዱን በሰባት ዓመት ተኩል ገደማ የሚጨርሰው ‹ዳፍ ዮሚ›፣ ረቢ ሜየር ሻፒሮ በ1923 ቪየና ላይ ያቀረበው ሐሳብ፣ እንዲህ ባሉ መጻሕፍት እየታገዘ ነው የብዙኃን የሆነው።

ማሽኑ ከማንበብ አልፎ ሲፈርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለአፉ ምላሽ የማያጣው የውይይት ፕሮግራም፣ በየትኛውም ቅጠል ላይ የሌለ ቃል ከነቅጠል ቁጥሩ ሲጠቅስ ተይዟል። ስሕተቱ ወደፊት ይታረማል የሚሉ አሉ፤ ይታረም ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ትክክል ሲመልስም ያለው ጉድለት ነው። ታላቁ የአይሁድ የሕግ ሊቅ ማይሞኒደስ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕጉን ሁሉ በ14 መጻሕፍት አጥርቶ ሲያቀርብ፣ የፕሮቫንሱ ረቢ አብርሃም ቤን ዳዊት የተቃወመው ማን እንዳለውና ከየት እንዳመጣው ሳይነግረን ፈረደ ብሎ ነው። ታልሙዱ የተረታውን ወገን ቃል ከረቺው ጎን ያኖራል። አንድምታ የሰማ አንባቢ ይህ አይከብደውም፤ ‹አንድም› ተብሎ የተነሣ ትርጓሜ ሌላው ስለበለጠው ከመጽሐፉ አይፋቅም። ማሽኑ ሁሉን ጨምቆ አንድ ለስላሳ አንቀጽ ሲያወጣ የማይሞኒደስን ጥፋት ይደግማል፤ ያውም ያለ ማይሞኒደስ ዕውቀት። ስለዚህ መለኪያው አንድ ይሁን፦ ምንጩን ከፍቶ የሚያሳይና አንባቢውን ወደ ገጹ የሚመልስ መሣሪያ ይግባ፤ ገጹን የሚተካ አይግባ። መምህርን ይተካል የሚለው ስጋት በበኩሉ ትንሽ የተጋነነ ነው። ጥንድ ሆኖ እየተጯጯኹ መማር፣ ሐቭሩታ የሚሉት፣ ሁልጊዜ ከሚስማማ ማሽን ጋር አይሆንም። ደግሞም ለማጥናት ሰፊ ጊዜ የሚገኝበት ቀን ሰንበት ነው፤ በሰንበት ሕጉን የሚያከብር ሰው ኮምፒዩተር አይነካም።

ለእኛ አንባቢዎች ግን ይበልጥ የሚቀርብ ጉዳይ አለ። በእስራኤል ዛሬ ከ160 ሺህ በላይ የሆነው የቤተ እስራኤል ወገን ከኢትዮጵያ ይዞት የሄደው ሃይማኖት ታልሙድን አያውቅም ነበር። ኦሪታቸው በግዕዝ ነው፤ ጸሎታቸው በግዕዝና በአገውኛ፤ ፍርዳቸው በቄሶች ቃል። ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድነታቸውን ቢያጸኑም፣ እስራኤል ሲገቡ የጠበቃቸው ሃይማኖት የአራማይኩ መጽሐፍ የቀረጸው ነበር። ልዩነቱ ዓርብ ማታ ይታያል። የረቢዎቹን ሕግ በሚከተል ቤት ሻማ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይበራና በሰንበት ይነዳል። በጎንደር መንደሮች ግን ሰንበት ከመግባቱ በፊት እሳቱ ይጠፋ ነበር፤ በሰንበት ቀን በቤታችሁ እሳት አይንደድ የሚለውን የኦሪት ትእዛዝ እንደ ቃሉ ስለያዙት። ረቢ ሻሮን ሻሎም ‹ከሲና እስከ ኢትዮጵያ› በሚለው መጽሐፋቸው ይህን ሥርዓት ከረቢዎቹ ሕግ ጎን አስቀምጠው ጽፈዋል። ማሽን የሚማረው በብዛት ከተጻፈው ስለሆነ አይሁድ ዓርብ ማታ ምን ያደርጋሉ ተብሎ ሲጠየቅ ሻማ ያበራሉ ይላል። አልዋሸም፤ እሳቱን ያጠፋችውን አያት ግን አያውቃትም። ትምህርቱን ለሁሉም እንከፍታለን የሚሉት ሰዎች ይህን ካልያዙ፣ አንዱን ደጅ ከፍተው ሌላውን መዝጋታቸው ነው።

ለማሽኑ የሚሰጥ ጽሑፍ ጨርሶ የለም ማለትም አይቻልም። ስለ ሰንበት ክብር የሚናገረውን የቤተ እስራኤል መጽሐፍ ‹ትእዛዘ ሰንበት›ን ዮሴፍ ሃሌቪ በ1902 ፓሪስ ላይ አሳትሞታል። ሃሌቪ ካረፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታልና የባለቤትነት መብት የሚያግደው የለም። ከተጻፈው ግን ያልተጻፈው ይበዛል፤ ግዕዙን አንብበው በአማርኛና በትግርኛ የሚያብራሩት ቄሶች ደግሞ አርጅተዋል። አባትዎ ወይም አያትዎ ቄስ ከሆኑ፣ ስልክዎን ከፍተው ድምፃቸውን ይቅዱ።