ባፊ እስክትጮህ

«ቫምፓየር አዳኟ ባፊ» በስሙ ብቻ የሚናቅ ድራማ ነው። ባፊ ሰኒዴል በምትባል የካሊፎርኒያ ምናባዊ ከተማ ደም መጣጮችን በሹል እንጨት የምትወጋ ተማሪ ናት፤ ድራማው እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በ144 ክፍሎች ታየ። ስለ ድራማው ይህ ይበቃል። የእኔ ጉዳይ ዲሴምበር 14 ቀን 1999 የተላለፈው «ሀሽ» የሚባለው ክፍል ነው፤ በእኛ «ዝም!» እንበለው።

«ጨዋዎቹ» የሚባሉ፣ ሱፍ የለበሱ፣ ፈገግታ የማይለያቸው ፍጡራን የከተማውን ሰው ድምፅ ሰርቀው ሣጥን ውስጥ ይቆልፋሉ። ከዚያ መሬት ሳይረግጡ እየተንሳፈፉ ሰባት ልብ ሊሰበስቡ ይወጣሉ። ደረቱ የሚቀደደው ሰው «ኡኡ!» ማለት አይችልም።

ብዙዎች «ድምፅ አልባው ክፍል» ይሉታል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። የጠፋው ንግግር እንጂ ድምፅ አይደለም! የክሪስቶፍ ቤክ ሙዚቃ ገጸ ባሕርያቱን ተክቶ ይናገራል። የባፊ አሰልጣኝ ጃይልስ እንኳ በፕሮጀክተር ሥዕል እያሳየ ስለ ጭራቆቹ ሲያስረዳ የሳን ሳንስን «ዳንስ ማካብር» ከፍቶ ነው። ባፊ «እንውጋቸው?» ለማለት እጇን ስታወዛውዝ ጓደኞቿ ነገሩን ለብልግና ይወስዱታል፤ ሹል እንጨቷን አውጥታ ማሳየት ግድ ይሆንባታል።

መጀመሪያ ያየሁት አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ወጥ እያማሰለች ድራማ በጆሮዋ የምትከታተል ሰው ናት። ንግግሩ ሲጠፋ «ቴሌቪዥኑ ተበላሸ» ብላ መጥታ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ጭራቆቹን የሚገድላቸው የሰው ጩኸት ነው። ሣጥኑ ተሰብሮ ባፊ ስትጮህ አክስቴ ማማሰያዋን ጣለች፣ ጎረቤት በር አንኳኳ። ድምፅ አልባ ነው የሚለኝ ሰው ያን ማታ እዚያ በነበረ!

ጽፎ ያዘጋጀው ጆስ ዊደን ነው። ሰው ሁሉ የሚያደንቅለት ንግግር አጻጻፉን ስለነበር፣ እሱኑ ትቶ ራሱን ፈተነ። ከግማሽ በላዩ ንግግር የሌለበት ይህ ጽሑፍ በ2000 ለኤሚ የድርሰት ሽልማት ታጨ።

ከሁሉ የምወደው መጨረሻውን ነው። ባፊና የምትወደው ልጅ ራይሊ የየራሳቸውን ምስጢር ሲደባበቁ ቆይተው፣ ድምፅ አጥተው ጎን ለጎን ሲዋጉ ተጋለጡ። አሁን ድምፃቸው ተመልሷል። «መነጋገር አለብን» ይባባላሉ። ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዳቸውም ቃል አይወጣቸውም።

እባካችሁ፣ ስልክ እየነካካችሁ አትዩት። ይህ ክፍል በጆሮ ብቻ አይታይም፤ ወጡም ቀድሞ ይውጣ።